የሐረር ጅቦች፣ ዴቪድ አተንቦሮ እና የእኛ ካሜራ

የጁገል_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ማብቂያ ቢቢሲ ያቀረበው ‹ፕላኔት ኧርዝ 2› የመጨረሻው ክፍል ስለ ከተሞች ነበር። የሙምባይ ነብር ይታያል፣ የኒውዮርክ ጭልፊት ይታያል፣ የጆድፑር ጦጣ ይታያል፤ መሀል ላይ ደግሞ የእኛው ጅብ በሌሊት ከግንቡ ሥር ብቅ ይላል። ሁለት መንጋ ከተማ ለመግባት ሲፋለም፣ በጠባቡ መንገድ ሲወርድ፣ ሥጋ ከሰው ሲቀበል ታያላችሁ። ተራኪው ሰር ዴቪድ አተንቦሮ ናቸው።

ያንን ቪዲዮ ስንቀባበል፣ «ሐረር በቢቢሲ ታየች» ስንል ከርመናል። ዛሬ ስለ ተራኪው እንድናወራ ፈልጌ ነው ይህን የከፈትኩት። በከተማችን ካሜራ የያዘ ወጣት እየበዛ ነው፣ የዱር እንስሳት ፊልም መሥራት የሚመኝም አለ፤ እኚህ ሰው የሄዱበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1926 ነው። ያደጉት ሌስተር በምትባል ከተማ፣ አባታቸው በሚመሩት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። በልጅነታቸው ድንጋይ እየፈለጡ ቅሪተ አካል ይለቅሙ ነበር። ካምብሪጅ ገብተው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሩ፣ ባሕር ኃይል አገለገሉ፣ አንድ መጽሐፍ አሳታሚ ዘንድ ተቀጠሩ። በ1950 ቢቢሲ ሬዲዮ ሥራ ጠይቀው አልተሳካም። ማመልከቻቸውን ያየች የቴሌቪዥን ክፍል ኃላፊ ጠራቻቸውና በ1952 ገቡ፤ ያኔ እሳቸው ቴሌቪዥን እንኳ አልነበራቸውም። ጥርስዎ ትልቅ ነው ተብለው ካሜራ ፊት ከመቆም ተከልክለው ነበር። ስለዚህ ከካሜራው ጀርባ ነው የጀመሩት፤ አዘጋጅ ሆነው።

ፊታቸው የታየው በአጋጣሚ ነው። በ1954 ‹ዙ ክዌስት› የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። የለንደን የእንስሳት ማቆያ ሰዎች ወደ ሴራሊዮን ሄደው እንስሳ ሲይዙ ካሜራ ይከተላቸዋል፤ አቅራቢው ጃክ ሌስተር የሚባል የተሳቢ እንስሳት ባለሙያ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በአየር ላይ እንደዋለ ጃክ ሌስተር በጠና ታመመ። ፕሮግራሙ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው፣ ጉዞውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ አዘጋጁ ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓለም ያውቀዋል።

ከሕይወታቸው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በ1965 የቢቢሲ 2 ኃላፊ ሆኑ፣ በ1969 የሁለቱም ቻናሎች የፕሮግራም ዳይሬክተር ሆኑ። ከዚያ በላይ የቀረው የጠቅላላ ዳይሬክተሩ ወንበር ብቻ ነው፣ ስማቸውም ለዚያ ይጠራ ነበር። እሳቸው ግን በ1973 መጀመሪያ መልቀቂያ አስገቡና ወደ ጫካቸው ተመለሱ። ያን ወንበር ባይተዉ ኖሮ በ1979 የወጣው ባለ 13 ክፍሉ ‹ላይፍ ኦን ኧርዝ› አይኖርም ነበር። የምድርን ሕይወት ከአንድ ሕዋስ እስከ ሰው ልጅ ያለውን ታሪክ በአንድ ተከታታይ ሥራ መተረክ፣ ጽሑፉን ራሳቸው ጽፈው፣ ከአገር አገር ዞረው። የዕድሜያቸውን ሃምሳ ዓመት ከጨረሱ በኋላ የተሠራ ሥራ ነው!

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የእኚህ ሰው ችሎታ እንስሳውን ቀድመው ማወቃቸውና ሲደርስ ዝም ማለት መቻላቸው ነው። አውቀው ይመጣሉ፣ ያሳያሉ፣ አስፈላጊውን ብቻ ተናግረው ሥፍራውን ለእንስሳው ይለቃሉ። የኛን የዩቲዩብ ቪዲዮዎች እዩ፤ አቅራቢው ከጅቡ በላይ ይጮኻል፣ ሙዚቃው ከአቅራቢው በላይ ይጮኻል። ጅብን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው የሞላባት ከተማ ውስጥ እየኖርን ስለ ጅብ በወጉ የተሠራ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ የተተረከ ፊልም በእጃችን የለንም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከዚራ_ጥላ፦

አቦ አላህ ይስጥህ፣ ልብ የሚነካ ነገር ነው ያነሳኸው። እኔ የጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ልጅ ነኝ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ ቀለም ያገኘው ደግሞ በ1977 መስከረም። በእንግሊዝ አገር የቀለም ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1967፣ ከዊምብልደን ቴኒስ ጋር ሲጀመር ቢቢሲ 2ን ይመሩ የነበሩት እኚሁ አተንቦሮ ናቸው። እንስሳ በቀለሙ እንዲታይ በሩን የከፈተ ሰው ኋላ ራሱ በዚያ በር ገባ ማለት ነው። ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።

ገንደ_ቆሬ፦

ሰላም ወገን። ሰውዬውን አከብራለሁ፣ ሥራውም ወላሂ ትልቅ ነው። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም።

‹ዙ ክዌስት› ማለት አፍሪካና እስያ ገብተው እንስሳ ይዘው ወደ ለንደን የሚወስዱበት ፕሮግራም ነው። የአካባቢው ሰው ተሸካሚና መንገድ መሪ ሆኖ ነው የሚታየው። በዘመኑ ልማድ ነበር ትላላችሁ፤ ልማድ መሆኑ ግን የተወሰደውን አይመልስም። ዛሬም ቢሆን ውጭ አገር ያለ ቡድን ይመጣል፣ ይቀርጻል፣ ይሄዳል። የሐረሩን ጅብ የሚያበላው ሰውዬ ለስንት ትውልድ የወረሰውን እውቀት በአጭር ምስል አይተን እናጨበጭባለን። ከፊልሙ ጋር ዓለም የሚያስታውሰው የማንን ስም ነው? የተራኪውን።

ሌላም አለ። አተንቦሮ ለዚያ ክፍል ሐረር ላይ ቆሞ አልተናገረም፤ በዚያ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ፊቱ የሚታየው መጀመሪያ ላይ ከአልፕስ ተራራ በላይ በባሉን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለንደን ሕንፃ አናት ላይ ነው። ታዲያ ፊልም ሠሪው ማነው? ብርድ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ግንብ ሥር የተቀመጠው ካሜራ ያዥ አይደለም እንዴ?

መምህር_ለገሃሬ፦

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ውይይት ነው። ባዮሎጂ ለረጅም ዘመን አስተምሬያለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

ገንደ ቆሬ ያነሳኸው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱን ሰውዬው ራሳቸው አይሸሹትም፤ የኋለኞቹ ፊልሞች መጨረሻ ላይ ካሜራ ያዦቹ እንዴት እንደቀረጹ የሚያሳይ ክፍል አለ። ነገር ግን ተራኪነት ብቻ አድርገህ እንዳታየው። የትረካውን ጽሑፍ ሌላ ሰው ቢያዘጋጀውም እሳቸው ከምስሉ ጋር እያስተያዩ ቃል ይሰርዛሉ፣ ይለውጣሉ። ምስሉ የተናገረውን ቃል አይደግመውም። ተማሪዎቼን ስለ ሥዕላዊ መግለጫ ሳስተምር ይህንኑ ነበር የምላቸው፤ ሥዕሉ ያሳየውን ከሥሩ አትጻፉ፣ ሥዕሉ ያላሳየውን ጻፉ።

አሁን የጎሪላውን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በሥራ ዘመናቸው ውስጥ የታወቀችው ቅጽበት ያች ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ለ‹ላይፍ ኦን ኧርዝ› ቀረጻ ሩዋንዳ ገቡ። የተራራ ጎሪላዎቹ ሰው የለመዱት ዳያን ፎሲ የተባለችው ተመራማሪ ዓመታት ጫካ ውስጥ ተቀምጣ ስላለማመደቻቸው ነው፤ ይህንን አትርሱ፣ ያለሷ ሥራ ያ ምስል የለም። አተንቦሮ ሊናገሩ ያሰቡት ስለ አውራ ጣት ነበር። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ፊት ለፊት ስለሚገናኝ ዕቃ መጨበጥ ይቻላል፣ ይህም በሰውና በዝንጀሮ ዘር ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው፤ ትምህርቱ ይህ ነበር።

ጎሪላዎቹ ጋር ሲደርሱ አንዲት እንስት መጥታ እጇን ራሳቸው ላይ አሳረፈች፣ አፋቸውን ከፍታ ውስጡን አየች። ግልገሎቹ እግራቸው ላይ ወጥተው የጫማቸውን ክር መፍታት ያዙ። ስለ አውራ ጣት የተዘጋጀው ንግግር ቀረ። በሹክሹክታ የተናገሯት ጥቂት ቃል፣ ከጎሪላ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ከማንኛውም እንስሳ ይልቅ መግባባት የሞላበት ነው የምትል መንፈስ ያላት ናት። በዚያ ዘመን ጥቅል ፊልም ውድ ነው፣ ዳይሬክተሩ ለአውራ ጣቱ ንግግር ሊቆጥበው ፈልጎ ስለነበር የተቀረጸው ጥቂት ነው። ያ ጥቂቱ ነው እስከ ዛሬ የሚታየው።

የጁገል ልጅ «ዝም ማለት መቻል» ያልከው ይህ ነው። የተዘጋጀበትን ንግግር ጥሎ እንስሳው ያመጣውን መቀበል። ያለ እውቀት ግን አይቻልም። አውራ ጣትን ጠንቅቀው ባያውቁ፣ ጎሪላ ባህሪዋን ባያውቁ፣ ዓይኗን አይተው ዝቅ ብለው መቀመጥ እንዳለባቸው ባያውቁ፣ ያች ቅጽበት ወይ ታስደነግጣቸው ነበር ወይ ታልፋቸው ነበር።

የፈላና_በር_እህት፦

መምህር፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ ጅቡ ከሚበላበት ሥፍራ ብዙም ሳልርቅ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ከቤት የማውቀውን ልናገር።

የውጭ ሰው መጥቶ ቪዲዮ ሲቀርጽ ሁልጊዜ አንዱን ነገር ብቻ ነው የሚወስደው፦ ሰውዬው እንጨቱን በጥርሱ ይይዛል፣ ጫፉ ላይ ሥጋ ተንጠልጥሏል፣ ጅብ ይመጣና ይነጥቃል፣ ቱሪስቱ ይጮኻል። ቆም ብሎ ለሚያይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ ትልቋ ሴት ናት። ነጠብጣብ ጅብ በሴት ነው የሚመራው፣ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ የልጅ ማዕረግ የሚቆጠረው በእናት ነው። ትልቋ ስትቀርብ ሌሎቹ ዳር ይቆማሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ያስተኛሉ፣ ጭራቸውን ወደ ውስጥ ይቀብራሉ። ሥጋውን የምትወስድበት አኳኋን ደግሞ ይገርማል። አጥንት የሚፈጭ መንጋጋ ነው ያላት፤ ግን ከእንጨቱ ጫፍ ላይ ያለውን ቁራጭ በፊት ጥርሷ ብቻ፣ እንጨቱን ሳትነካ ነው የምታነሳው። ትንፋሿ ይሰማሃል። ፊቷ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ይህን ሁሉ ለማየት ብልጭታ ማብራት ማቆም፣ የመኪና መብራት ዝቅ ማድረግና ዝም ማለት ያስፈልጋል።

ስለ ዓሹራም ልንገራችሁ። በሙሐረም 10 ለጅቦቹ ቅቤ ያለበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፣ መብላታቸውና አለመብላታቸው ለዓመቱ ምልክት ተደርጎ ይታያል። ግንቡ ውስጥም የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለ፣ ያወቀ ያውቀዋል። ኤሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ሰውን ከጠላት ሲጠብቅ ጅብን አልከለከለም። ጅቡ ሌሊት ገብቶ ሥጋ ቤቱ የጣለውን አጥንት ይበላል፣ ቆሻሻውን ያጸዳል፣ ንጋት ላይ ይወጣል። ያየነውን በሙሉ ለማሳየት ዓመቱን ሙሉ እዚህ የሚኖር ሰው ያስፈልጋል። ከውጭ የመጣ ቡድን ጎበዝ ቢሆንም ቪዛው ያልቃል።

ወንድሜ ገንደ ቆሬ፣ ስለ ስም ያልከው ልክ ነው። ግን መፍትሄው የነሱን ፊልም መንቀፍ ላይ የሚቆም አይመስለኝም። ራሳችን ሠርተን ጅብ የሚያበላውን ሰው ራሱን እናስተርከው።

ደቻቱ_ካሜራ፦

እህታችን አንጀቴን ነው ያራሰችው። እኔ ሠርግ ቀራጭ ነኝ፣ ድሬም ሐረርም ጅጅጋም እሠራለሁ። አንዳንድ ሌሊት በራሴ ጊዜ ጅብ ቀርጬ አይቻለሁና ለወጣቶቹ የሚጠቅም ነገር ልጻፍ።

በመጀመሪያ ብርሃን። ሠርግ ላይ መብራት እንደልብ ነው፣ ጅብ ላይ ግን መብራት ካበራህ ያየኸው ጅብ ሳይሆን መብራት የፈራ ጅብ ነው። እነ ቢቢሲ በጥቂት ብርሃን ጥሩ የሚያይ ካሜራ አላቸው። እኛ ጋ ያለው መፍትሄ ሌንሱ ነው፤ ቀዳዳው በጣም የሚከፈት፣ ዙም የሌለው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ርካሹን ግዛ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከመጠን በላይ አትስቀል፣ የመንገድ መብራት ያለበት ማዕዘን ምረጥና እዚያው ተቀመጥ። ጅቡ መንገዱን አይቀይርም፣ ዛሬ ያለፈበት ነገም ያልፍበታል። ማሳደድ የለም።

ሁለተኛ ድምፅ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ በዱር እንስሳት ፊልም ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ብዙው ቦታው ላይ የተቀዳ አይደለም። ካሜራው ከሩቅ በረጅም ሌንስ ነው የሚቀርጸው፣ ማይክ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የእርምጃውን፣ የሣሩን፣ አጥንት የመሰበሩን ድምፅ ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይሠሩታል። እኛ ሐረር ላይ ግን ጅቡ እጃችን ላይ ነው! እውነተኛውን የአጥንት ድምፅ በቅርብ መቅዳት የምንችል ሰዎች ነን። ይህ ሀብት ነው።

ሦስተኛ፣ የመሣሪያ ማነስ ሰበብ እንዳይሆን። ‹ዙ ክዌስት›ን ሲጀምሩ የቢቢሲ ፊልም ክፍል ባለ 35 ሚሊሜትር ትልቅ ካሜራ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ብሎ ነበር፤ 16 ሚሊሜትሩን የልጅ መጫወቻ አድርገው ነው የሚያዩት። አተንቦሮና ካሜራ ያዡ ቻርልስ ላገስ ትንሿን መርጠው ገቡ፣ ምክንያቱም ጫካ ውስጥ በትከሻ የሚያዝ እሷ ናት። የሚገርመው ደግሞ ስርጭቱ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የቀረጹት በቀለም ፊልም ነበር፤ ያ የቀለም ቅጂ ከስልሳ ዓመት በኋላ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ታየ። ስለዚህ ልጆች፣ የቀረጻችሁትን አትደምስሱ። ሚሞሪ ሞላ ብላችሁ ጥሬውን የምታጠፉ ሰዎች አላችሁ፣ ያሳዝነኛል። ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፣ አስቀምጡ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ፈቃድ ለማውጣት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ለውጭ ቡድን የተዘጋጀውን ቅጽና ክፍያ ነው የሰጡኝ፤ ለአገር ልጅ የተለየ መስመር የለም አሉኝ። የዱር እንስሳ ፊልም በአገር ልጅ እንዲሠራ ከተፈለገ ይህ መስተካከል አለበት።

ገንደ_ቆሬ፦

እሺ የድምፁን ነገር ካነሳህ አይቀር እኔም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ‹ፍሮዝን ፕላኔት› ውስጥ የዋልታ ድብ ግልገል በበረዶ ዋሻ ውስጥ ሲወለድ የታየው ቀረጻ ሆላንድ ውስጥ የእንስሳት ማቆያ ላይ የተሠራ ነበር። ተመልካቹ ሰሜን ዋልታ ላይ ያለ መስሎታል። ትልቅ ወቀሳ ተነሥቶባቸዋል። እኛ ስንሠራ ይህንን ከወዲሁ ልንወስን ይገባል፤ ተመልካችን እንዳንሸውድ።

መምህር_ለገሃሬ፦

ልክ ነህ ልጄ፣ ያ ነገር ተከስቷል። አተንቦሮ በወቅቱ የሰጡት ምላሽ ዱር ውስጥ ካሜራ ዋሻ ብናስገባ እናቲቱ ወይ ግልገሏን ወይ ካሜራ ያዡን ትገድል ነበር የሚል ነው፤ ቢቢሲም በድረ ገጹ ገልጾት ነበር። የኔ ፍርድ፦ ምክንያቱ እውነት ነው፣ ግን ያ እውነት ፊልሙ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር ነበረበት። ተመልካች ድረ ገጽ አይገባም።

ጣልቃ መግባትንም አስቡበት። ለዓመታት የሥራው ሕግ «እንስሳው ላይ የሚሆነውን ቅረጽ፣ አትንካ» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ‹ዳይናስቲስ› ላይ ግን አንታርክቲካ ውስጥ ገደል የገቡ ፔንግዊኖች ከነጫጩቶቻቸው መውጫ ሲያጡ የቀረጻው ሰዎች በረዶውን ቆፍረው መወጣጫ ሠሩላቸው፤ አተንቦሮም ደግፈዋቸዋል። ሐረር የታየችበት ያው የከተሞች ክፍል ላይም የባርቤዶስ የኤሊ ጫጩቶች በከተማ መብራት ተሳስተው ወደ መንገድ ሲሄዱ ይታያል፤ ቀራጮቹ ያገኟቸውን ለቅመው ባሕር ውስጥ መልሰዋል። መብራቱን ያመጣው ሰው ከሆነ ሰው መልሶ ቢያግዝ አጥፍቷል አልልም። የእኛው ጅብ ላይም ሰው ከጥንት ጀምሮ ጣልቃ ገብቷል፤ አብልቶታል። ስለዚህ «ንጹሕ ዱር» እያስመሰላችሁ አትቅረጹት። የሰውና የጅብ አብሮ መኖር ነው ታሪኩ።

ባቢሌ_መንገድ፦

ሰላም ጀመዓው። ሁላችሁም ጅብ፣ ጅብ! የባቢሌ ዝሆንስ?

ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሰው ዳካታ ላይ ተደራርበው የቆሙትን አለቶች ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፣ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆ የሚመላለሱ ዝሆኖች አሉበት። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳም አለ። ዝሆኑ ቁልቋል ሲበላ ያየ ሰው ይገረማል፤ እሾሁን ከቁብ አይቆጥረውም። ግን እርሻ እየገፋው ነው፣ ለጥርሱ የሚገድለው አለ፣ በቆሎው የተረገጠበት ገበሬ ደግሞ ተቆጥቷል፤ እሱም እውነት አለው። ገበሬውን ሳይሰሙ ስለ ዝሆኑ የሚሠራ ፊልም እኛ ዘንድ ተቀባይነት አያገኝም። አተንቦሮ መጥቶ ቢሠራው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ገበሬው በኦሮምኛ ምን እንደሚል ሰምቶ የሚሠራው የአገር ልጅ ነው።

ሐሮማያ_ዳር፦

የኋለኞቹን ሥራዎች ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳ። ሰዎች አተንቦሮን ለረጅም ጊዜ ያማረውን ዱር ብቻ አሳየን፣ የጠፋውን ዘግይቶ ነገረን ብለው ይተቹታል። ትችቱ መሠረት አለው፤ በግልጽ መናገር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ነው። ግን ከተናገረ በኋላ አላቆመም። በ2020 በወጣው የሕይወት ምስክርነት ፊልሙ ላይ በ1937 የዓለም ሕዝብ 2.3 ቢሊዮን፣ ሳይነካ የቀረው ዱር 66 በመቶ እንደነበር ይናገራል፤ በ2020 ሕዝቡ 7.8 ቢሊዮን ሆኖ ዱሩ 35 በመቶ ደርሷል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ! በ2021 ግላስጎው በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤም በ95 ዓመቱ ቆሞ ተናግሯል።

እኔ ይህ ቁጥር የሚገባኝ ሐሮማያ ሐይቅን ስላየሁ ነው። ልጆች ሆነን ጀልባ የነበረበት፣ ወፍ የሞላበት ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ሰው በላዩ በእግሩ ሲሄድበት አይተናል። በመስኖ ተስቦ፣ በደለል ተሞልቶ ነው ያለቀው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ሲመለስ ወፎቹም ተመልሰዋል። ሲደርቅ በወጉ የቀረጸ የአካባቢው ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ ነበር። አሁን የተመለሰውን እየቀረጻችሁ አቆዩ፣ እባካችሁ።

የጁገል_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ መምህር ደግሞ በተለይ እጅ ነሥቻለሁ። ከተባለው ተነሥቼ አንድ ሐሳብ ላቅርብ።

በትልቁ አንጀምር። ግድር መገላ ገበያ ላይ ጭላቶቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ሥጋ ገዝቶ የሚወጣ ሰው እጁን ከፍ ካደረገ ከላይ ወርዶ የሚነጥቀው ወፍ። ቀን ነው፣ ብርሃን ችግር አይደለም፣ ማንም አያስፈራም፣ የከተማው ሰው ሁሉ ስለነሱ የሚለው አለው። የአምስት ደቂቃ ፊልም እንሥራ። ደቻቱ ካሜራ ቢያግዘን፣ ስለ ወፉ የሚነገረውን መምህር ቢያርሙልን፣ ትረካው በአማርኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ ሦስት ቅጂ ቢሆን። ደንቦቹ ከዚሁ ውይይት የወጡ ይሁኑ፦ ሥጋ ሰጥተን ያስጠጋነው ከሆነ ሰጥተን ነው እንላለን፣ ጥሬ ቀረጻው አይጠፋም፣ የተናገረ ሰው ስሙ መጨረሻው ላይ ይጻፋል፤ ሥጋ ሻጯም ብትሆን። ከዚያ በኋላ ነው ጅቡ፣ ከዚያ ባቢሌ።

ደቻቱ_ካሜራ፦

አለሁ። ጭላት ፈጣን ነው፣ በሴኮንድ 100 ወይም 120 ፍሬም የሚይዝ ካሜራ ይሻላል፣ አንድ አለኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ከጎን ሲመጣ ክንፉ ይለያል፤ ቀትር ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የምታገኙት። ባትሪ ሁለት ያዙ።

መምህር_ለገሃሬ፦

ጽሑፉን ላኩልኝ፣ በደስታ አያለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬ አልደረቀም። ምስሉ የሚያሳየውን ሁሉ ግን እሰርዝባችኋለሁ፣ ከወዲሁ እወቁት።

የፈላና_በር_እህት፦

የሐረሪውን ትረካ እኔ እናቴን አናግራታለሁ። ገበያው ላይ ኖራ ነው ያሳደገችን፣ ጭላቶቹን በጠባያቸው ትለያቸዋለች። ድምፅ የሚቀዳ ሰው ያስፈልገኛል፤ ኦሮምኛውን የሚተርክም ገና አልተገኘም። ባቢሌ መንገድ፣ አንተ ትሆናለህ?